ቅርጫት፣ ታንኳና መረብ
ጥልቀት በሌላቸው ሐይቆች ዓሣ የማጥመድ ታሪክ

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ ሐይቆች ስናስተምር በሰሌዳ ላይ የምንጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ነው፤ የሐይቁን ስፋትና ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ። ተማሪዎቻችንም እነዚህኑ ሸምድደው በፈተና ላይ ይመልሱልናል። ጥልቀቱን ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም፤ ብንጠይቅም ከሌሎቹ ጋር የሚሸመደድ ሦስተኛ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። በሐይቅ ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ከሦስቱ ዋናው ጥልቀቱ ነው። ታንኳው በዘንግ ይገፋ ወይስ በመቅዘፊያ ይነዳ፣ ዓሣው በእግር ተገብቶ ይያዝ ወይስ በመረብ፣ በበጋ ይጠመድ ወይስ በክረምት፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው የውኃው ጥልቀት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ታሪክ የመሣሪያዎች ታሪክ ቢመስልም በመሠረቱ የጥልቀት ታሪክ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የሰጠነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዝዋይን (ደንበልን) እንውሰድ። ስፋቱ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ነው። አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም፣ የላይኛው ሰው ከደረቱ በላይ ከውኃው ውጭ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሆኖ ሳለ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ያህል፣ አማካዩም ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው። በኡጋንዳ የሚገኘው ጆርጅ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ 2.4 ሜትር ነው። ከ1,400 ሜትር በላይ ከሚጠልቀው ከታንጋኒካ ጋር ሲነጻጸሩ እነዚህ ሐይቆች በሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሱ ውኃዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ያለ ሐይቅ ለዓሣ የተመቸ ነው። ነፋስ ሲነፍስ ውኃው እስከ ወለሉ ድረስ ይታመሳል፤ ከሥር የተቀመጠው ለም ደለል ወደ ላይ ይወጣል፤ ፀሐይም ውኃውን ታሞቀዋለች፤ ዓሣ የሚመገባቸው ጥቃቅን ዕፀዋት ይበዛሉ። ይሁን እንጂ ይኸው ሐይቅ ለዓሣው መሸሸጊያ የለውም። በጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ዓሣው ከመረቡ በታች ሊያልፍ ይችላል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ግን ከመረቡ «በታች» የሚባል ቦታ የለም፤ መረቡ ከውኃው ገጽ እስከ ጭቃው ድረስ እንደ ግድግዳ ይቆማልና። ታዲያ ሰው በእነዚህ ሐይቆች ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያጠምድ ዓሣው እንዴት ሳያልቅ ቀረ? ከዚህ በታች ይህን ጥያቄ ይዘን እንሄዳለን።

በቱርካና ሐይቅ ዙሪያ፣ ሎታጋምና ሎዋሴራ በተባሉ ሥፍራዎች፣ የአርኪዎሎጂ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ባደረጉት ቁፋሮ ከአጥንት ተሠርተው ጎናቸው እንደ እሾህ የተጠረበ የጦር ጫፎች ከዓሣ አጥንቶች ጋር አግኝተዋል። በዘመኑ፣ ማለትም ከዛሬ 8,000ና 10,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ሐይቁ ዛሬ ካለበት ወሰን እጅግ ርቆ የሞላ ነበር። ጦሩ እሾህ ያለው በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተሰካ ዓሣው ተፍጨርጭሮ ሊያመልጥ አይችልም። እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ጦር ለመወርወር ዓሣውን ማየት ያስፈልጋል፤ ዓሣ የሚታየው ደግሞ ከዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። አምባዛ የመራቢያው ወቅት ሲደርስ በጎርፍ ወደ ተጥለቀለቀው ሣር ይወጣል፤ ጀርባው ከውኃው በላይ እስኪታይ ድረስ የሚገለጥበት ጊዜም አለ። የጥንቱ አጥማጅ አምባዛውን በአብዛኛው የጠበቀው በዚያ ወቅትና በዚያ ቦታ ሳይሆን አይቀርም።

ከጦሩ ቀጥሎ የምናነሣው ቅርጫቱን ነው። በቱርካና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ፈርጉሰን በሚባለው ጥልቀት የሌለው ባሕረ ሰላጤ፣ የቱርካና ሰዎች በቅርጫት ያጠምዱ ነበር። ቅርጫቱ ከቀጫጭን እንጨት የተሠራ፣ ከታች ሰፊና ክፍት፣ ከላይ ጠባብ አፍ ያለው ነው። ወለል የለውም። አጥማጆቹ ከጉልበት እስከ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ተሰልፈው እየተራመዱ ቅርጫቱን ጭቃው ድረስ ይደፉታል፤ ያነሡታል፤ እንደገና ይደፉታል። ውኃው ደፍራሽ ስለሆነ ከሥር ያለውን ማየት አይቻልም። ነገር ግን ዓሣ ከውስጥ ከተያዘ ቅርጫቱን ሲመታ በእጅ ይሰማል፤ በዚህ ጊዜ አጥማጁ ክንዱን በላይኛው አፍ አስገብቶ ዓሣውን ያወጣዋል። ዘዴው ቀላል ነው ብለን እንዳናልፈው። አንድ ሰው ብቻውን ቢደፋ ዓሣው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ብዙዎች ተሰልፈው ሲሄዱ ግን ከአንዱ የሸሸው ከሌላው ቅርጫት ሥር ይገባል። ስለዚህ ቅርጫቱ የጎረቤት ትብብር ይጠይቃል። በተጨማሪም መሣሪያው ወሰን አለው፤ ውኃው ከደረት በላይ በሆነበት ቦታ ሁሉ ከንቱ ነው። ዓሣው ከዳር ጥቂት ራቅ ካለ ዳነ ማለት ነው።

በባሮና በሶባት ሜዳዎች የሚኖሩ የኑዌር ሰዎችም ወንዙ ከጎርፍ በኋላ ሲጎድል በየጅረቱ ላይ አጥር አጥረውና በየኩሬው የቀረውን ዓሣ በጦር እየወጉ ይይዛሉ። እንግሊዛዊው የኅብረተሰብ አጥኚ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 ባሳተመው ስለ ኑዌር በሚናገር መጽሐፉ ይህን ዘርዝሮአል። የዚህም ዘዴ ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ጎርፉ ሲመለስ ያበቃል።

ወደ ጣና እንመለስ። ስለ ጣና ስንናገር መጀመሪያ ስለ ታንኳው፣ ስለ ታንኳው ስንናገር ደግሞ ስለ ሠሪዎቹ መናገር ግድ ነው።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር፣ ጭቃና ውኃ በተቀላቀለበት ቦታ የሚበቅል፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ተክል ነው። ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ደርቆም በነዶ በነዶ እየታሰረ፣ ነዶዎቹም እርስ በርስ እየተጠፈሩ፣ ጫፉ ወደ ላይ የቀና ጀልባ ይሆናል። ምስማር የለውም፤ ሳንቃ የለውም። ውኃ ወደ ውስጡ አይገባም ማለት ስሕተት ነው፤ ይገባል። የሚንሳፈፈው ውኃን ስለሚከለክል ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። በዚህም ምክንያት ሲውል ሲያድር ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ነገር ግን ጥልቀት ለሌለው ዳርቻ ከሳንቃ ጀልባ ይልቅ የሚመች ነው። ጥቂት ውኃ ይበቃዋል፤ በሸምበቆ መካከል ይሾልካል፤ ድንጋይ ቢነካው አይሰበርም፤ በረጅም ዘንግ ይገፋል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ ስለነዚህ ታንኳዎች ጽፎአል።

በታንኳ ሥራም ሆነ በዓሣ ማጥመድ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ጥንት ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት አገራችንን በጎበኘ ጊዜ ስለነርሱ ሰምቶ ጽፎአል። የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ይታመናል፤ ዛሬ ግን አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ቋንቋው ጠፍቶአል። ጉማሬ በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው ይጸየፉአቸው ነበር፤ አብረዋቸው ማዕድ አይቆርሱም፣ ጋብቻም አያደርጉም ነበር። ከዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት ብንጨምር አንባቢያን ይቅር ይሉናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በታሪክ ትምህርት የጣና ደሴቶችን ገዳማት፣ በዚያ የተቀመጡትን መጻሕፍት፣ በዚያ የተቀበሩትን ነገሥታት እናስተምራለን። እነዚያን መነኮሳትና መጻሕፍት ወደ ደሴቱ ያሻገረውን ታንኳ ማን እንደጠፈረው ግን አንናገርም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ያንኳሰሰ አመለካከት ዓሣ አጥማጁንም አንኳሶአል፤ ከዚህ የተነሣ የአጥማጁ ዕውቀት ከመጽሐፍ ሳይገባ ቀርቶአል።

ያ ዕውቀት ምን ነበር? በመንጠቆ፣ በሸምበቆ ወጥመድ፣ በአጫጭር መረብ ማጥመድ ነበር። ከነዚህም ሌላ ብርብራ አለ። የብርብራ ፍሬ ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በረጋ ውኃ ላይ ይበተናል፤ ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሰክሮ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል ቅመም በስንጥቡ በኩል ገብቶ የዓሣው ሰውነት በኦክሲጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። የባዮሎጂ መምህራን ይህን ለሴል አተነፋፈስ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ያገኙበታል፤ የሒሳብ መምህራንም እንዲሁ። ስፋቱ አንድ ሄክታር የሆነ ውኃ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን 5,000 ሜትር ኩብ ነው። ያው ስፋት ጥልቀቱ 8 ሜትር ቢሆን 80,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ መርዙን አሥራ ስድስት እጥፍ ይፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ብርብራ የሚሠራው በኩሬና በጠባብ የሐይቅ ጓዳ ብቻ ነው። እኛ ብርብራን ለማወደስ አልተነሣንም፤ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ የሚፈጅ ዘዴ ነውና። ነገር ግን የወቀጣው ድካምና የውኃው ብዛት ወሰን አበጅተውለት ነበር።

እንግዲህ ጦሩም፣ ቅርጫቱም፣ ታንኳውም፣ ብርብራውም አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ሁሉም ከዳር የሚርቁ አይደሉም። የቀድሞ አጥማጆች ዓሣውን ለነገ ብለው ያስተርፉ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን እንዲህ ለማለት አንደፍርም። የሐይቁ መካከል ያልተነካው አጥማጁ ስላልፈለገው ሳይሆን ስላልደረሰበት ነው ብንል ወደ እውነቱ የምንቀርብ ይመስለናል።

ያን ወሰን ያፈረሰው መረቡ ነው። ከዳር ከሚዘረጋው አጭር መረብ ጋር እንዳይምታታ አሠራሩን እንግለጽ። መረቡ ከላይ ተንሳፋፊ፣ ከታች ክብደት ታስሮበት በማታ ውኃው ውስጥ ይቆማል። ዓሣው ሳያየው ራሱን በመረቡ ዓይን ያስገባል፤ ወገቡ ሰፊ ስለሆነ ወደፊት ማለፍ አይችልም፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ክሩ በስንጥቡ ክዳን ይይዘዋል። ከዓይኑ የሚያንሰው ዓሣ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ መረቡ የሚመርጠው በዓይኑ ስፋት ነው፤ የዓሣው ዕጣ በጣት በሚለካ ቀዳዳ ይወሰናል ማለት ነው።

የባቡር ሐዲድ በ1901 ኪሱሙ ከደረሰ በኋላ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዊናም ባሕረ ሰላጤ በ1905 ከተልባ እግር ክር የተሠራ እንዲህ ያለ መረብ ገባ። ከዚያ በፊት የሉዎ አጥማጆች በወንዝ አፍ አጥር ያጥሩ፣ በቅርጫት ይይዙ፣ ከደንገል የተሠራ ገመድ መሰል መጎተቻም በኅብረት ይጎትቱ ነበር። አዲሱ መረብ ብዙ ዓሣ ያዘ፤ ባቡሩም ገበያ ሆነለት። ብዙም ሳይቆይ ግን በአንድ መረብ የሚያዘው ዓሣ ቁጥር እየወረደ ሄደ። ማይክል ግራሃም የተባለው ባለሙያ በ1927ና 1928 ሐይቁን መርምሮ የመረቡ ዓይን ከአምስት ኢንች እንዳያንስ አሳሰበ። አሳቡ ትክክል ነበር፤ ሥራ ላይ ማዋሉ ግን አስቸጋሪ ሆነ። ትልልቁ ዓሣ ሲያልቅ ባለ ሰፊ ዓይን መረብ ይዞ የሚወጣ አጥማጅ ባዶውን ይመለሳል፤ ባለ ጠባብ ዓይን መረብ የያዘው ጎረቤቱ ግን እራት ያገኛል።

በጆርጅ ሐይቅ የሆነውን ደግሞ ቁጥር ይናገራል። እዚያ የሚጠመደው ቆሮሶ በ1950 በአማካይ 900 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በ1970 ከዚያ ግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። የጀልባው ቁጥር በሕግ የተወሰነበት ሐይቅ መሆኑን ልብ ይሏል። ዓሣው አልጠፋም፤ ሳያድግ ተያዘ እንጂ። ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ እናቲቱም እንቁላሎቹን በአፍዋ ይዛ ትፈለፍላለች። ከወለል እስከ ገጽ የሚጎትት መረብ በዚያ ሲያልፍ የሚወስደው የዕለቱን ዓሣ ብቻ አይደለም።

ጣና ይህ ሁሉ የደረሰበት ዘግይቶ ነው። በ1986 በአንድ የልማት ፕሮግራም አማካይነት ባለ ሞተር ጀልባዎችና ረጃጅም የናይለን መረቦች ወደ ሐይቁ ገቡ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ለአጥማጁ ገቢ፣ እያደገ ለሄደው የባሕር ዳር ሕዝብ ምግብ ማስገኘት ነበርና። ለታንኳ ሩቅ የነበረው የሐይቁ መካከል በአንድ ጧት ቅርብ ሆነ። የወንዝ አፎችም እንዲሁ።

የወንዝ አፎቹን ጉዳይ ጥቂት እንዘርዝር፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነውና። በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል ከጣና ዓሦች ብዙዎቹን ለሳይንስ አስተዋውቆአል። በ1990ዎቹ ደግሞ ናጌልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች በጣና ብቻ አንድ ላይ የሚኖሩ፣ ላቢዮባርበስ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚመደቡ 15 የዓሣ ዓይነቶች እንዳሉ ለይተው አሳዩ። ከነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ከ15ቱ ሰባቱ ለመራባት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉትም ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። ሐይቁ በዚያ ጥልቀት የለውም፤ በሁለት ወይም በሦስት መረብ ሊዘጋ ይችላል። እነዚህ ዓሦች ደግሞ እንደ ቆሮሶ በአጭር ጊዜ የሚተኩ አይደሉም፤ ለመራባት ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ጥናት ወደ ወንዝ የሚወጡት የላቢዮባርበስ ዓይነቶች ክብደት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ ታውቆአል። የትናንሾቹ ቁጥር ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ወርዶአል። በ2003 የዓሣ ሀብትን የሚመለከት የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቶአል። ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዓይኑ ጠባብ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ ነጠላ ክር የፕላስቲክ መረብ በሐይቁ ተስፋፍቶአል።

ጥፋቱን ሁሉ በመረብ ላይ መጫን ግን ጥልቀት የሌለውን ሐይቅ ባሕርይ አለማወቅ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሐይቅ ሰው ሳይነካውም ይሞታል፤ ይነሣልም። በማላዊና በሞዛምቢክ ወሰን ላይ ያለው ቺልዋ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ በ1968ና በ1995 ፈጽሞ ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። ዓሦቹ ግን በዙሪያው ባለው ረግረግና በሚገቡት ወንዞች ውስጥ ጥቂት ጥቂት ሆነው ተረፉ፤ ዝናቡ ሲመለስ ወጥተው በጥቂት ዓመታት ሐይቁን ሞሉት። የቺልዋ አጥማጆች ሐይቁ ሲደርቅ ወደ እርሻ ወይም ወደ ሌላ ሐይቅ ይሄዳሉ፤ ሲሞላ ይመለሳሉ። ለነርሱ ድርቁ አደጋ ቢሆንም እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን ያላጤነ ዕቅድ ምን እንደሚደርስበት የምናየው ቀደም ብለን በጠቀስነው በፈርጉሰን ባሕረ ሰላጤ ነው። በኖርዌይ ርዳታ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካሎኮል ትልቅ የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ተሠራ። በዚያ ሐሩር ዓሣን ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ገንዘብ ከዓሣው ዋጋ በለጠ፤ ፋብሪካው ሥራ ፈታ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ ባሕረ ሰላጤው ራሱ ደረቀ። ከብቶቻቸውን በድርቅ አጥተው ወደ ዓሣ ሥራ የገቡ የቱርካና ሰዎች ውኃው ሲሸሽ ቆመው አዩ። ቅርጫት ይዞ የሚያጠምድ ሰው ውኃው ሲርቅ ቅርጫቱን ተሸክሞ ይከተለዋል፤ ፋብሪካ ግን አይከተልም። በአገራችንም ሐረማያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደርቆ የነበረ መሆኑንና በኋላ ውኃ መልሶ መያዙን የአካባቢው መምህራን በዓይናቸው ያዩት ነው።

በሐይቅ አቅራቢያ ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ሥራ እንጠቁም። በገመድ ጫፍ ድንጋይ እሠሩ፤ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጉ፤ ታንኳ ከሚነዳ ሰው ጋር ሆናችሁ ከዳር ወደ መካከል ልኩ። በዳር የተሰጣ መረብ ካገኛችሁ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ዓይኑ ስንት ጣት እንደሚያስገባ ተመልከቱ። ሽማግሌዎቹን ደግሞ በልጅነታቸው ከየት ላይ ያጠምዱ እንደነበረ፣ የትኛው ቦታ ሩቅ ይባል እንደነበረ ጠይቁአቸው፤ መልሱንም በለካችሁት ጥልቀት አጠገብ ጻፉት።

የጣናን ዳርቻ በተመለከተ አንድ ችግር አለ። ዓሦቹ ወደ ርብና ወደ ጉማራ የሚወጡት ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ነው፤ የክፍል ጉብኝት በዚያ ጊዜ አይኖርም። ልጆቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ከብት እየጠበቁ፣ አንዳንዶቹም መረብ እየጎተቱ ይከርማሉ። በመስከረም ክፍል ሲገቡ በክረምቱ ከቤታቸው የተሠራው ዓሣ ሆዱ ሲከፈት እንቁላል ተገኝቶበት እንደሆነ ጠይቁአቸው።